ጠንካራ ብረት፣ ደካማ ስሌት

አማርኛ ተናጋሪ «ፎርጅድ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቀድሞ ትዝ የሚለው የሐሰት ዲግሪ፣ የሐሰት መንጃ ፈቃድ፣ የሐሰት ማኅተም ነው። በሞተር ዓለም ቃሉ የክብር ስም ነው። በእሳት ግሎ፣ በከባድ ፕሬስ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከፈሰሰው ብረት የጠነከረ ማለት ነው። ተርቦ የተገጠመለት ፈጣን መኪና ለመሥራት የተነሳ ሰው ሁሉ ኪሱን የሚያራግፈው ለዚህ ቃል ነው፤ ፎርጅድ ፒስተን፣ ፎርጅድ ቢዬላ፣ ፎርጅድ ኮሎ። ብረቱ እውነተኛ ሆኖ ከኋላው ያለው ስሌት በአማርኛው ትርጉም «ፎርጅድ» ሲሆን ግን ገንዘቡ ቀልጦ ይቀራል።

እዚህ ላይ የሚነሳው መኪና ለመንገድም ለውድድር ሜዳም የሚያገለግለው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለቤቱን ሥራ ያደርሳል፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ይቆማል፣ በክረምት ብርድ ጠዋት ይነሳል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ቀጥ ባለ 402 ሜትር አስፋልት ጫፍ ላይ ቆሞ አረንጓዴ መብራት ይጠብቃል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ መኪና የሚሠራው ሰው ብዙውን ጊዜ ባለጸጋ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ከደመወዙ ላይ አገር ቤት የሚልክ አንድ ወጣት ይታሰብ። በደቡባዊ ሜሪላንድ ባድስ ክሪክ አካባቢ ያለው የድራግ ሜዳ ከእሱ ሩቅ አይደለም። ሞተሩ ቢበተን የሚከፍልለት ስፖንሰር የለውም። የተቃጠለው የብዙ ወራት ሌሊት ነው፤ ሰኞ ጠዋትም ሥራ የሚያደርሰው መኪና የለም።

ለዚህ ሰው «ከሁሉም ጠንካራው ዕቃ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ አይጠቅመውም። ሻጩ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ከሁሉም ውዱ ነው ይለዋል። የሚጠቅመው ጥያቄ «ይህ ሞተር መጀመሪያ የት ላይ ይሰበራል? እሱ ሲጠነክርስ ቀጥሎ የት?» የሚለው ነው።

የሚገፋው ኃይልና የሚጎትተው ኃይል

የኢትዮጵያ ጋራዥ ቋንቋ ብዙውን ከጣሊያንኛ የወረሰ ነው፤ ለዚህ ጉዳይም በደንብ ያገለግላል። ፒስተን በሲሊንደሩ ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። ዙሪያውን የከበቡት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ፋሻ ይባላሉ፤ የሚቃጠለውን ጋዝ ከላይ፣ ዘይቱን ከታች ይይዛሉ። ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ኮሎ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ቢዬላ ነው። ቢዬላው ኮሎውን አቅፎ የሚይዘው በሁለት ቡሎኖች ነው። ከላይ ሲሊንደሩን የሚከድነው ቴስታታ ነው።

ተርቦ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። ወደ ጭስ ማውጫ በሚሄደው ትኩስ ጋዝ ይሽከረከርና አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፣ ብዙ ጉልበት ይወጣል። በፒስተኑ ራስ ላይ የሚያርፈውም ግፊት በዚያው ልክ ያድጋል። 86 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ፒስተን ላይ 100 ባር ግፊት ቢያርፍ ክብደቱ 6 ቶን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ይህ ኃይል ቢዬላውን ቁልቁል ይገፋዋል። የሚያጎብጠውም ይኸው ነው፤ በተለይ ሞተሩ ገና በዝቅተኛ ዙር እያለ ተርቦው ሙሉ ግፊቱን ሲለቅበት።

ሁለተኛው ኃይል ብዙዎች የሚረሱት ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ በፍጥነት ወጥቶ ጫፍ ሲደርስ ቆሞ መመለስ አለበት። መልሶ የሚጎትተው ቢዬላው ነው። ከነፒኑና ከነፋሻው ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ፒስተን፣ የፒስተን ጉዞው 86 ሚሊሜትር በሆነ ሞተር ውስጥ በደቂቃ 7,000 ዙር ሲሄድ ጫፍ ላይ የሚጎትተው ኃይል ወደ 1.5 ቶን ይደርሳል። ዙሩ 8,500 ሲሆን ወደ 2.3 ቶን ያድጋል። የዙሩ ጭማሪ ከአንድ አምስተኛ ብዙም አይበልጥም፤ የኃይሉ ጭማሪ ግን ግማሽ ያህል ነው። ምክንያቱም ይህ ኃይል የሚያድገው በዙሩ ልክ ሳይሆን በዙሩ ስኩዌር ነው።

ፒስተኑ ጭሱን አስወጥቶ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከላይ የሚገፋው ግፊት የለም። የ2.3 ቶኑ ጉተታ ያለ ተቃዋሚ በቢዬላው ቡሎኖች ላይ ይንጠለጠላል። ቡሎን የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ቡሎን ከተበጠሰ ቢዬላው የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል። ዘይቱ አስፋልት ላይ፣ አስፋልቱ ላይ ጎማ፣ ጎማው ላይ ሰው አለ።

እንግዲህ ተርቦ ይገፋል፣ ዙር ይጎትታል። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ግፊት የጨመረ ሰው የቢዬላውን አካልና ፒስተኑን ያስባል። ዙር የጨመረ ሰው መጀመሪያ ቡሎኑን፣ ቀጥሎ የፒስተኑን ክብደት ያስባል። ሁለቱን ሳይለይ «ጠንካራ ነው» የተባለውን ሁሉ የሚገዛ ሰው ሆዱን ታሞ ለራስ ምታት መድኃኒት እንደሚውጥ ነው።

ፒስተን መምረጥ ማለት ምን ማለት ነው

ከፋብሪካ የሚወጡ አብዛኞቹ መኪኖች ፒስተን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው። በውስጡ ሲሊከን ከ12 በመቶ በላይ ሲሆን ፒስተኑ በሙቀት እምብዛም አያብጥም፣ ቶሎ አያልቅም፣ ጠዋት ሲነሳ ድምፅ የለውም። ጉድለቱ ተሰባሪነቱ ነው። ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል።

የተቀጠቀጡት ፒስተኖች በሁለት ቅይጥ ይከፈላሉ። 4032 የሚባለው 12 በመቶ አካባቢ ሲሊከን አለው። ከፈሰሰው ይጠነክራል፣ በሙቀት የሚያብጠውም በልክ ነው፤ ስለዚህ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተቀራርቦ መግጠም ይችላል። 2618 የሚባለው ሲሊከን የለውም ማለት ይቻላል። ከፍተኛ ሙቀትና ምት ሲደርስበት ከመሰንጠቅ ይልቅ መጉበጥ ይቀናዋል፤ የውድድር ሰዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። ዋጋውን ግን ጠዋት ጠዋት ያስከፍላል። ሲሞቅ ብዙ ስለሚያብጥ ሲገጠም ሰፋ ያለ ክፍተት ይተውለታል። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ይንገዋለላል፣ ያንኳኳል። በየቀኑ በብርድ የሚነሳ፣ አጭር መንገድ ሄዶ የሚጠፋ ሞተር ከሆነ ዕድሜው ያጥራል።

በዓመት ጥቂት ቀን ሜዳ ለሚሄድ፣ ቀሪውን ሥራ ለሚመላለስ መኪና 4032 ሊበቃው ይችላል። ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ፣ ባለቤቱም የጠዋቱን ድምፅና ተደጋጋሚ ፍተሻ ከተቀበለ 2618 ይገባዋል። ሁለቱም ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አለ። የሚያሳስተው የሳምንቱን አምስት ቀን ረስቶ ለአንዱ ቅዳሜ ብቻ መምረጥ ነው።

ከፒስተኑ ቅይጥ በላይ ብዙ ሞተር የሚገድለው ደግሞ በዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ የፋሻው ክፍተት። ፋሻ ክብ ቢመስልም ሁለቱ ጫፎቹ አይገናኙም፤ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት አለ። ተርቦ የሚያመጣው ሙቀት ፋሻውን ያስረዝመዋል። ክፍተቱ ካነሰ ጫፎቹ ይጋጫሉ፣ ፋሻው ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል፣ ፒስተኑ መሄዱን ስለማያቆም ፋሻው የተቀመጠበትን ጠርዝ ገንጥሎ ይሄዳል። ለ86 ሚሊሜትር ሲሊንደር በመንገድ ተርቦ ሞተር ላይ የላይኛው ፋሻ ክፍተት ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ትክክለኛውን ልክ ፒስተኑን የሠራው ኩባንያ ከዕቃው ጋር በሚልከው ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል። ይህን ለማስተካከል ሞረድና መለኪያ ምላስ ይበቃል። ሥራው ርካሽ ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ሁለት ሞተሮች፣ ሁለት መጠባበቂያ

ልዩነቱን የጃፓን ሁለት ሞተሮች በደንብ ያሳያሉ። አንደኛው የቶዮታ 2ጄዜድ ጂቲኢ ነው፤ 3 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ሁለት ተርቦ። ከ1993 ጀምሮ በሱፕራ ላይ ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ 320 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በጃፓን የተጻፈለት 280 ነበር። ይህ የሆነው ሞተሩ ስላነሰ አይደለም። የጃፓን አምራቾች ከ1989 እስከ 2004 ድረስ በመካከላቸው ከ280 በላይ ላለመጻፍ ተስማምተው ስለነበር ነው። ወረቀቱ ያለው ሌላ፣ ብረቱ የሚችለው ሌላ ነበር። አካሉ ወፍራም የብረት ብረት ነው፣ ኮሎው በሰባት ቦታ ተደግፏል፣ ቢዬላዎቹ ከፋብሪካ ተቀጥቅጠው የወጡ ናቸው፣ ፒስተኖቹ ከሥር ዘይት ይረጭላቸዋል። ልብ መባል ያለበት፣ በጥንካሬው ዓለም ያወቀው ይህ ሞተር የፋብሪካ ፒስተኖቹ የፈሰሱ እንጂ የተቀጠቀጡ አልነበሩም።

ሁለተኛው የሱባሩ ኢጄ257 ነው፤ 2.5 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር ግራና ቀኝ የተኛ፣ በአሜሪካ ከ2004 እስከ 2021 ሞዴል ድረስ በደብልዩአርኤክስ ኤስቲአይ ላይ የተሸጠ። ጉልበቱ 300 አካባቢ ነው፤ ከሱፕራው ጋር ይቀራረባል። ሥራውን ግን የሚሠራው በአራት ፒስተን ነው፤ እያንዳንዱም 99.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው። የዚህ ሞተር ባለቤቶች የሚያውቁት ሕመም አለ፤ የፋሻው ማረፊያ ጠርዝ መሰንጠቅ። ሞተሩ ሲያንኳኳ፣ ማለትም ነዳጁ ከጊዜው ውጭ በራሱ ሲፈነዳ፣ ምቱ በዚያ ቀጭን ጠርዝ ላይ ያርፋል። የፈሰሰው ፒስተን ምት አይችልም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወጣል። ለሱባሩው ባለቤት የተቀጠቀጠ ፒስተን መጀመሪያ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ የሚሰበረው እዚያ ነውና። ለሱፕራው ባለቤት ግን መጠነኛ ጭማሪ ከሆነ የሚፈልገው የሞተሩን የውስጥ ዕቃ መክፈት ላይፈልግ ይችላል። ቅድሚያ የሚሻው የነዳጅ አቅርቦቱና የኮምፒውተር ማስተካከያው ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው ትርፍ ወጪ ሆነ።

አሜሪካዊው የሞተር ሙከራ ባለሙያ ሪቻርድ ሆልደነር ለመጽሔት በሠራው ሙከራ ከጄኔራል ሞተርስ የጭነት መኪና የወጣ አሮጌ 4.8 ሊትር ሞተር የውስጥ ዋና ዋና ዕቃዎቹ የፋብሪካ እንደሆኑ፣ የፋሻ ክፍተቱ ሰፍቶለት በመለኪያ ማሽን ላይ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ አውጥቷል። ይህን የሰማ ሁሉ «ፎርጅድ አያስፈልግም» ብሎ ቢደመድም ግን ይሳሳታል። የመለኪያ ማሽን ሙከራ ለአጭር ጊዜ ነው፣ ነዳጁ የተመረጠ፣ ባለሙያው አጠገብ የቆመ ነው። ሞተሩ ሐሙስ ከሰዓት በ35 ዲግሪ ሙቀት፣ በተርታ ማደያ ነዳጅ፣ ዳገት ላይ ተጨናንቆ አልተፈተነም። ሙከራው የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው፤ የፋብሪካ ብረት ከሚወራው በላይ እንደሚችል፣ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ድክመቱ ሳይሆን የተሳሳተ ልክና ማንኳኳት መሆኑን።

ያንኳኳ ሞተር ማንንም አይምርም። የተቀጠቀጠ ፒስተን የሚያንኳኳ ሞተርን አያድንም፤ የሚሞትበትን ጊዜ ያራዝማል። ማንኳኳትን የሚከለክለው ተስማሚ ነዳጅ፣ የቀዘቀዘ አየር፣ ትክክለኛ የእሳት ሰዓትና ጠንቃቃ ማስተካከያ ነው። በአሜሪካ 85 በመቶ ድረስ ኤታኖል ያለው ነዳጅ በተርቦ ሰዎች የተወደደው ለዚህ ነው፤ ሲተን ያቀዘቅዛል፣ በቀላሉ በራሱ አይፈነዳም። ግን በመጠን ሲሶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል። ፓምፑና መርጫው ካልደረሱ ሞተሩ ይራባል፤ የተራበ ሞተር ደግሞ ይቀልጣል። የነዳጅ ፓምፕ ሳይቀይር ፎርጅድ ፒስተን የገዛ ሰው ለልጁ ጫማ ገዝቶ ምሳ የከለከለ አባት ነው።

ቡሎኑና ቶርኖ ቤቱ

ቢዬላ ሲገዛ ሰው የሚጠይቀው ስለ ቅርጹ ነው፤ «ኤች» ነው ወይስ «አይ»? ሁለቱም በደንብ ከተሠሩ ይችላሉ። አብዛኞቹ ከ4340 ብረት ይሠራሉ፤ ክሮም፣ ኒኬልና ሞሊብዲነም ያለበት ቅይጥ ነው። ከቅርጹ በፊት መጠየቅ ያለበት ቡሎኑ ነው። ኤአርፒ 2000 የሚባለው የታወቀ የቡሎን ብረት በአንድ ስኩዌር ኢንች እስከ 220,000 ፓውንድ የመጎተት ኃይል ይችላል። ነገር ግን ቡሎን የሚይዘው እንደ ስፕሪንግ በመጠኑ ተለጥጦ ነው። በደንብ ያልተለጠጠ ቡሎን ይላላል፤ ከልክ በላይ የተለጠጠ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ በቁልፍ ጥብቀት ብቻ አያምንም፤ ቡሎኑ ከመጠበቁ በፊትና በኋላ ያለውን ርዝመት ይለካል። በክሩ ላይ የተቀባው ቅባት ሲለያይ የቁልፉ ቁጥር ያው ሆኖ መለጠጡ ይለያያልና።

ገበያው ላይ የታወቀ ስም የተለጠፈባቸው የውሸት ቡሎኖችም አሉ። እዚህ ላይ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው «ፎርጅድ» አንድ ዕቃ ላይ ይገናኛሉ። በግማሽ ዋጋ የተገኘ ቡሎን ሙሉ ሞተር ያስከፍላል።

በመጨረሻም ሁሉን የሚወስነው ቶርኖ ቤቱ ነው። ሲሊንደሩ ለአዲሱ ፒስተን በትክክል ክብ ሆኖ ካልተቀደደ፣ በኮሎውና በብሮንዙ መካከል ያለው የዘይት ክፍተት የአንድ ፀጉር ውፍረት አካባቢ ሆኖ ካልተለካ፣ ፒስተንና ቢዬላዎቹ በክብደት ካልተመጣጠኑ፣ በዓለም ምርጡ ብረት በመጥፎ ቤት ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። ባለመኪናው ለዕቃው ሳይከራከር ከፍሎ ለቶርኖ ሠራተኛው ሲሆን ይከራከራል። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው።

ሞተሩ ቢችል፣ ሌላው ይችላል?

ሞተሩ ጠነከረ ማለት ድካሙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። ግፊቱ ሲያድግ ቴስታታው ከቡሎኖቹ ጋር ይታገላል፣ ጓርኒሲዮኑ ይነፋል። እሱ ሲጠነክር ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። እሱ ሲቀየር ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ተራ ይጠብቃሉ። አስተዋይ ሠሪ የሚሰበረው ነገር ርካሽና አደጋ የሌለው እንዲሆን አስቀድሞ ይመርጣል። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ያናድዳል፤ የተበጠሰ ቢዬላ ግን እሳት ያመጣል።

ፍሬንና የሾፌሩ ደኅንነትም እዚሁ ስሌት ውስጥ ናቸው። የአሜሪካው የድራግ ማኅበር ኤንኤችአርኤ በ1951 በዋሊ ፓርክስ የተመሠረተው ወጣቶች በመንገድ ላይ የሚያደርጉትን ውድድር ወደ ሜዳና ወደ ሕግ ለማምጣት ነበር። ዛሬም ሜዳው ላይ 402 ሜትሩን ከ10 ሰከንድ በታች የሚጨርስ መኪና የተመሰከረለት የብረት ቀፎ፣ ሾፌሩም የተለየ ፈቃድ በአብዛኛው ይጠየቃል። በ2008 ስኮት ካሊታ የተባለው ሾፌር ኒው ጀርሲ ውስጥ ከሞተ በኋላ ደግሞ ማኅበሩ ለፈጣኖቹ ክፍሎች ርቀቱን ወደ 305 ሜትር አሳጠረ። ጉልበቱን መቀነስ ያቃተው ስፖርት መንገዱን አሳጥሮ ለመቆሚያ ቦታ ጨመረ። የከተማ መንገድ ላይ የሚሽቀዳደም ሰው ግን መንገዱን የሚያሳጥርለት፣ ዘይቱን የሚጠርግለት፣ እሳት የሚያጠፋለት የለም። ከፊቱም ተወዳዳሪ ብቻ አይደለም ያለው፤ ልጇን ይዛ የምትሻገር እናት ልትኖር ትችላለች።

ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ወረቀት ይውጣ። ስንት የፈረስ ጉልበት? በየትኛው ነዳጅ? በስንት ዙር? በሳምንት ስንት ቀን መንገድ ላይ? የወጪው ቅደም ተከተል የሚወጣው ከዚህ ነው። መጀመሪያ ነዳጅ፣ ማቀዝቀዣና ማስተካከያ፤ ቀጥሎ ያ ሞተር የሚታወቅበት ደካማ ቦታ፤ ከዚያ ጥሩ ቡሎንና ጥሩ ቶርኖ ቤት፤ ከሁሉም በኋላ የሚያምረው ብረት። አበው መጥኖ መደቆስ ያሉት ይህን ነው።

በዚያ ወረቀት ላይ ከሚጻፉት ሁሉ ትልቁን ጥቅም የምትሰጠው የዙር ገደቧ ናት። 8,500 የነበረውን 7,000 ማድረግ በኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ቁጥር መቀየር ነው። ከእያንዳንዱ ቢዬላ ላይ ሰባት መቶ ኪሎ ገደማ ጉተታ ታወርዳለች፤ ዋጋዋም ምንም ነው። ባለመኪናው ሊገዛት የሚከብደው ግን እሷኑ ነው፤ የሚከፈልባት በክብር ነውና።